«አይመጣም» የምትለው ቃል ልጆቻችንን ዝም እያሰኘች ነው፦ ከደሴ መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አባላት፣
ልጆቻችሁን ለእኛ አደራ ለሰጣችሁ ወላጆች በሙሉ፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። በዚህ ትምህርት ቤት ሳስተምር ዘንድሮ 14ኛ ዓመቴ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ብሆንም ሐሳቡ የብቻዬ አይደለም። አራት መምህራንና የቅዳሜው ክበብ ተማሪዎች ረቂቁን አብረን አንብበነዋል። ያልተስማማንበትን አውጥተናል። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጠራሁት ማንንም ማሳጣት ስለማልፈልግ ነው። ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣነው ደግሞ በውስጥ ሁለት ጊዜ ጽፈን መልስ ስላጣን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ተለጠፈ። ቅዳሜ ጠዋት የነበረው የክበብ ሰዓት ቀርቷል ይላል። በሳምንት አንድ ቀን የነበረው የቤተ መጻሕፍት ክፍለ ጊዜ ለጥያቄ መሥሪያ ተሰጥቷል ይላል። የንባብ ክፍሉም የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ መማሪያ እንዲሆን ተወስኗል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ሰፍሯል፦ «ለተማሪው ተጨባጭ ጥቅም የማያስገኙ ተግባራት ጊዜ እንዳይሻሙ»።

ከዚያ በፊት ማንም አላማከረንም። ኅብረቱም አልተሰበሰበም። ሁላችንም የሰማነው ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

የአስተዳደሩ ጭንቀት ከየት እንደመጣ ይገባናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሚወጣው ውጤት አስደንግጦናል። በአገር ደረጃ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ይህን የሰማ ወላጅ «ልጄን ለፈተና አዘጋጁልኝ» ቢል አይፈረድበትም። እኔም የልጆች አባት ነኝ።

ነገር ግን የተመረጠው መድኃኒት በሽታውን የሚያብስ ነው። እኛ እኮ የድሮ ፈተና ማሠራት ዘንድሮ አልጀመርንም። ወርክሺት ስናባዛ ዓመታት አልፈዋል። በኅዳር መጀመሪያ ለ11ኛ ክፍል አንድ የድሮ ፈተና ጥያቄ ሰጠሁ። ከ52 ተማሪ 41ዱ አገኙት። በማግስቱ መልሱን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና «ይህን መልስ የሚሰጥ ሌላ ጥያቄ እናንተ አውጡ» አልኳቸው። የቻሉት 6 ናቸው። ሌሎቹ ደብተራቸውን እያገላበጡ «ቲቸር፣ ይሄ የትኛው ፎርሙላ ነው?» ይሉኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጥላቸው እዚህ ጋ ነው። ጥያቄው ትንሽ ከተጠመዘዘ መሄጃ ያጣሉ።

አሁን ወደ አቤቱታችን ልግባ።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የማየው ነገር ነው። ተማሪ «ይመጣል» ሲል ፈተና ላይ ይጠየቃል ማለቱ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን ብለነዋል። ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ ግን ቃሏ የሁሉ ነገር መለኪያ ሆናለች። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አንዱ ከኋላ «አይመጣም ባክሽ!» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች።

መለስኩላት። «የ100 ብር ዕዳ ሦስት ጊዜ ቢሰረዝልሽ ስንት ብር ተረፈሽ?» አልኳት። «300» አለች። መቀነስን መቀነስ መጨመር እንደሆነ በዚያ ገባት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ሁለት ወር ሊሞላት ነው። የሳቀባትን ልጅ አልቆጣውም። እሱ የደገመው ሰሌዳው ላይ የለጠፍነውን ነው።

ሁለተኛው የቅዳሜው ክበብ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ምን እንደተዘጋ ብዙ ወላጅ አያውቅም ብዬ እገምታለሁ።

ክበባችን ደንብ የለውም። ማንም ተማሪ ያልገባውን ነገር ይዞ ይመጣል፤ አብረን እንፈልጋለን። አምና በመጋቢት አንዲት ልጅ የእናቷን ጥያቄ ይዛ መጣች። እናቷ መናኸሪያ አካባቢ የባቄላ ንፍሮ ይሸጣሉ። አክስቷ ደግሞ ኮምቦልቻ ያንኑ ይሸጣሉ። «አክስቴ በአንድ ዙር ከሰል ትጨርሳለች። እማዬ እዚህ ሁልጊዜ ትጨምርበታለች። ለምንድን ነው?» አለች።

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ባቄላው ይለያያል አለ። ሌላው ውሃው ነው አለ። የበዙት ግን «የደሴ ብርድ ነው» አሉ። «እሺ፣ እንዴት እናውቃለን?» አልኳቸው። ዘዴውን ያወጡት እነሱ ናቸው። ባቄላው ከአንድ ኩንታል ይሁን። ውሃው ከአንድ ጀሪካን ይቀዳ። ድስቱም አንድ ይሁን። ከቤተ ሙከራ አንድ ቴርሞሜትር ተዋስን። ደሴ ላይ ውሃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትሩ 92 ገደማ ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመሩበት፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ ልጅ «ተበላሽቷል» ብሎ ቴርሞሜትሩን አራገፈው። መልሶ ሲከተው ያው 92 ነው። መጽሐፋቸው ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ስላስተማራቸው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ልጆች ድስትና ጀሪካን ይዘው በሚኒባስ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ሄዱ። እኔ አልሄድኩም። አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ልጅቷ እየጮኸች ነው። «ቲቸር፣ 94 ነው! 94 አለን!» ከኋላዋ የአክስቷ ድምፅ ይሰማል፤ «ምን ሆናችሁ ነው?» ይላሉ።

ሰኞ ዕለት ነገሩን በፊዚክስ መምህሩ እርዳታ ፈታነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል። ውሃውን የሚጫነው ሲቀንስ ቶሎ ይፈላል። ቶሎ ሲፈላ ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። ባቄላው ደግሞ የሚበስለው በሙቀቱ እንጂ በመንተክተኩ አይደለም። ልጅቷ ይህን ለእናቷ አስረዳች። እናትየው በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «ወላሂ መምህር፣ እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት የጦሳን ተራራ ብርድ ነበር የምረግመው» አሉኝ። ቀጥለውም ስለ አየሩ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዱን መመለስ አቅቶኝ አንብቤ ነው የመለስኩላቸው።

ይህ ሙከራ ፈተና ላይ አልመጣም። የእናትየውን ከሰል አልቀነሰም፤ የንፍሮውን ዋጋም አልጨመረም። በወረቀቱ አነጋገር ተጨባጭ ጥቅም የለውም። ነገር ግን አምስት ልጆች መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ቁጥር በገዛ እጃቸው ፈትነው ደሴ ላይ እንደማይሠራ አይተዋል። ለምን እንደማይሠራም ያውቃሉ። በ14 ዓመት ውስጥ ከዚያ ስልክ የበለጠ ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ሦስተኛው መጻሕፍቱ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤተ መጻሕፍታችን ተዘረፈ። ስንመለስ የቀረው ባዶ መደርደሪያና የተረገጠ ወረቀት ነበር። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም መጽሐፍ ላኩ። አንዳንዱ በአውቶቡስ በካርቶን መጣ። አንድ ክረምት ሙሉ እኛው መምህራንና ተማሪዎች ቁጥር ሰጥተን መዘገብናቸው፤ 1,340 ሆኑ። ዛሬ እነዚያ መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ናቸው። ጣሪያው ያፈሳል። በኅዳር ያለ ጊዜው የዘነበ ዕለት ዘበኛውን ለምኜ ገባሁ። ከላይ የነበረው ከረጢት ረጥቧል። ውስጡ እጄን ስሰድ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ እርጥብ እንጀራ ተላቀቁ። የላኩት ሰዎች «መጽሐፋችን እየተነበበ ነው?» ብለው ሲጠይቁን ምን እንበላቸው?

እዚህ ላይ ከወላጆች ጋር በግልጽ መነጋገር እፈልጋለሁ። አንድ አባት በቀደም ሲያገኙኝ፣ «መምህር፣ የልጄ ጥያቄ እንጀራ አይሆነኝም» አሉኝ። የቀን ሠራተኛ ናቸው። አራት ልጆች አሏቸው። እውነታቸውን ነው፤ አልተከራከርኳቸውም። ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡ ልጆች በየሰፈራችን አሉ። የእሳቸው ልጅ ሥራ እንዲይዝ እኔም እፈልጋለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያለው ሰው ልጁን ቤቱ መጽሐፍ ይገዛለታል። ኢንተርኔት ያስገባለታል። የሚያስጠና ይቀጥርለታል። ለእኚህ አባት ልጅ ያለችው ያቺ የንባብ ክፍልና ያቺ የቅዳሜ ሰዓት ብቻ ነበረች። ሲዘጋ የተዘጋው በእሱ ላይ ነው።

ደግሞስ ለጥቅም ብለን የያዝነውን በወጉ ይዘነዋል ወይ? አራተኛው ቅሬታችን ይህ ነው። ለሙያ ትምህርት ተብለው የመጡ ስድስት የልብስ ስፌት ማሽኖች አሉን። ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ አራቱ ከነካርቶናቸው። ክር የለም። ተማሪዎቹ የማሽኑን ክፍሎች ስም ከሰሌዳ ገልብጠው ይሸመድዳሉ። አንድ ልጅ አለ፤ አጎቱ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰፋል። ማሽኑ ክር ለምን እንደሚበጥስ በጆሮው ሰምቶ የሚያውቅ ልጅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሊከፍት ሲል «ንብረት ነው፣ አትንካ» ተባለ። ያው ልጅ በሙያ ትምህርት ፈተና ከ20 ሰባት አመጣ። የክፍሎቹን ስም በእንግሊዝኛ አልሸመደደማ። እጁ ለሚያውቀው ነገር ወድቀሃል አልነው።

ስለ ኮምቦልቻም ላንሳ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እዚህ ቤት ብዙ ተስፋ ነበር። ብዙ ልጆቻችን በከተማዋ የልብስ ፋብሪካዎች ገብተው ሠርተዋል። አንዷ የእኔ ተማሪ ነበረች። ሥራዋ ኮሌታ መግጠም ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ። ጦርነቱ መጣ። በዚያው በ2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል ታገደች፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ሁሉ ተጎዳ። እሷም ከሥራ ወጣች። የኮሌታ ሥራዋ ሌላ ቦታ አላስገባትም። አሁን ፒያሳ አንድ ሱቅ ሒሳብ ትይዛለች። እንዴት ተማርሽው ስላት፣ «መጽሐፍ ተውሼ ነዋ። ማንበብ ከዚያች ክፍል ለምጄ የለ?» አለችኝ። ዘበኛው በሩን እስኪዘጋ ከማይወጡት አንዷ ነበረች። ያኔ የምታነበው ልብ ወለድ ነበር።

ይህን ምሳሌ ስጽፍ ግን አንድ ነገር ከበደኝ። ስለ ዕውቀት ስንከራከር ሁልጊዜ «ኋላ ይጠቅማል» ወደማለት እንሄዳለን። እኔም ክፍል ውስጥ አደርገዋለሁ። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለምንም የማይካፈሉ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው አሳየ። በዚያን ጊዜ ለምንም አልጠቀመም። ከ2,200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአውሮፓውያን 1977፣ ሦስት ተመራማሪዎች በእነዚያው ቁጥሮች ላይ የቆመ የምስጢር መጠበቂያ ዘዴ ሠሩ። በኢንተርኔት የሚላክ መልእክትና ገንዘብ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ሲጠብቅ ኖሯል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ዘዴው ባይገኝ ኖሮ የዩክሊድ ሐሳብ ከንቱ ይሆን ነበር ወይ? አይሆንም። ሰው ስለሆንን ማወቅ እንፈልጋለን። የ15 ዓመት ልጅም ይህ ይገባዋል። ያቺ ልጅ ስለ ነጌቲቭ ስትጠይቀኝ ሥራ እየፈለገች አልነበረም።

ይህ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት፣ መጻሕፍት ያሰባሰቡበት ነው። በሌላ በኩል የወሎ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ትምህርት ማዕከሎቹ ወደ ዳና፣ ወደ ጌታ፣ ወደ ጀማ ንጉሥ ይሄድ ነበር። አያቴ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ነሕው፣ የዐረብኛ ሰዋስው፣ ለመማር ሰባት ዓመት ከቤታቸው ወጡ። የሚበሉት የአካባቢው ሰው የሰጣቸውን ነው። ከዚያ ተመለሱና ገበሬ ሆኑ፤ እስኪሞቱ ገበሬ ነበሩ። በልጅነቴ እርሻ ላይ ምሳ ሳደርስላቸው በሬዎቹን አቁመው አንዲት የዐረብኛ ቃል ለምን በዚያ ድምፅ እንደምታልቅ ለራሳቸው ሲያስረዱ እሰማለሁ። ያንን ዕውቀት ማንም አልከፈላቸውም። ጎረቤታችን የነበሩት መሪጌታ ደግሞ ማታ ማታ መጥተው ከእሳቸው ጋር ስለ ግዕዝና ስለ ዐረብኛ ግስ ይከራከሩ ነበር። እኔ መምህር የሆንኩት እነሱን እያየሁ ነው። በእርግጥ ተምሮ ሹመት ያገኘም ነበር። አያቴ ግን አላገኙም፤ አንድም ቀን ጊዜዬን አባከንኩ ሲሉ አልሰማሁም።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የንባብ ክፍሉ ይመለስልን። ማጠናከሪያው ይቅር አላልንም። ቅዳሜ 24 መማሪያ ክፍሎች ባዶአቸውን ይውላሉ፤ ከእነዚያ በአንዱ ይሰጥ። ቁልፎቹን ይዘን የምንከፍተውም የምንዘጋውም እኛው ነን። መጻሕፍቱ ግን ነገ ዛሬ ሳይባል ከዚያ ዕቃ ቤት ይውጡ። ለማጓጓዝ ተማሪዎቹ ተዘጋጅተዋል። የረጠቡትን ለማድረቅም ሁለት እናቶች ግቢያቸውን ፈቅደውልናል።

የቤተ መጻሕፍት ክፍለ ጊዜው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ይመለስ። ለ12ኛ ክፍል በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለፈተና ዝግጅት ይዋል ብትሉ እንስማማለን። 11ኛ ክፍል ላይ ልንነጋገር እንችላለን።

አራቱ ማሽኖች ከካርቶን ይውጡ፤ ክርና መርፌ ይገዛ። በከተማችን ያሉ ልብስ ሰፊዎች በወር አንድ ቀን መጥተው እንዲያሳዩ ይጋበዙ። ሁለቱን አነጋግረናል፤ ያለ ክፍያ እንመጣለን ብለዋል። የሙያ ትምህርት ፈተናም በእጅ የሚሠራ ይሁን።

የኅብረቱ ስብሰባ ከጥር ፈተና በፊት ይጠራ። የተማሪ ተወካዮች ይገኙበት። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከእንግዲህ ሳንመክርበት አይለጠፍ። ለዚህ ደብዳቤም በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በመጨረሻ የቅዳሜው ሰዓት ይመለስ። ወረቀቱ በተለጠፈበት ሳምንት ልጆቹ ማሲንቆ ተውሰው አምጥተው ነበር። አምባሰልና ባቲ ሁለቱም ከወሎ ስማቸውን ያገኙ ቅኝቶች ናቸው። ልጆቹ ድምፁ የሚለዋወጠው ጣት ጭራው ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ሲርቅ እንደሆነ በማስመሪያ ለክተው ሁለቱን ቅኝቶች በቁጥር ሊያስቀምጡ ነበር። ጭራውን ግማሹ ላይ ቢይዙት ምን እንደሚሰሙ አስቀድመው ገምተው በወረቀት ጽፈዋል። ወረቀቱ ታጥፎ እኔ ጋ ነው፤ አልከፈትኩትም። ማሲንቆው መምህራን ማረፊያ ጥግ ላይ ተደግፎ አለ። ባለቤቱ እስከ ጥር ድረስ ፈቅደውልናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሒሳብ መምህርና የቅዳሜው ክበብ ተጠሪ
ከአራት መምህራንና ከክበቡ ተማሪዎች ጋር
ደሴ፣ ታኅሣሥ